ልጁ የሚጠፋው ርክክቡ ላይ ነው፦ የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት በወረዳ እንዴት ይዋቀር?

(ለወረዳ ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ለርዕሳነ መምህራን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

አንድ የ11 ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ወድቆ ይንፈራገጣል እንበል። መምህሩ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። ልጁ ሲነቃ ቤቱ ይላካል፤ ቤተሰቡ ጸበል ይወስደዋል። ከወራት በኋላ ምድጃ ላይ ይወድቅና ተቃጥሎ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ቁስሉ ይታከማል። «ለመሆኑ ለምን ወደቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ ሪፈር ይጻፍለታል። ወረቀቱ አባትየው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ የመኪና ገንዘብ የለም፣ ወረቀቱም «ለበለጠ ሕክምና» ይላል እንጂ ማን ዘንድ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሄዱ አይናገርም። መምህሩም፣ ቤተሰቡም፣ ነርሷም የሚያውቁትን ያህል ሠርተዋል። ልጁ የጠፋው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው።

አገልግሎቱን እንደገና እናዋቅር ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ሕንፃና ስፔሻሊስት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ያለን ጥቂት ገንዘብና ጊዜ ቀድሞ መዋል ያለበት ርክክቡ ላይ ነው እላለሁ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

100,000 ሕዝብ ያለው ወረዳ እንውሰድ። በአገራችን የዕድሜ ስብጥር ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉት ወደ ሩብ ይጠጋሉ፤ 24,000 እንበላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ ዕድሜ ካሉ ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ይህ ወደ 3,400 ይመጣል። ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ገና አልቆጠርንም። በአንጻሩ፣ በመመሪያው መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው፣ አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው ቢደርስ ወረዳው 4 ጤና ጣቢያና 20 ጤና ኬላ ይኖረዋል። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በሳምንት ግማሽ ቀን ለልጆችና ለወጣቶች አእምሮ ጤና ብቻ ቢመድብ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ሁለት አዲስ ልጅ (ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ) እና ስድስት ተመላላሽ (ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ) ማየት ይቻላል። የቀረው ግማሽ ሰዓት ለመዝገብ ነው። በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ በአራቱ ጤና ጣቢያ 400 አዲስ ልጅ ይታያል፤ ለእያንዳንዱ በአማካይ አራት ቀጠሮ ይደርሰዋል።

400 ከ3,400። ይህ ደግሞ ሁሉም ነገር በተሳካበት ዓመት ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ለከባዱ ይቀመጥ፤ የቀረው ትምህርት ቤትና ቤት ውስጥ መሠራት አለበት። ማን የቱ ጋ ይታይ የሚለው ጥያቄ የሙሉ መዋቅሩ እምብርት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌላ አገር የምንማረው ካለ አንዱ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ለብዙ ዓመታት የልጆችን አእምሮ ጤና በአራት ደረጃ ከፍላ ትሠራ ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በሥራ ላይ ግን ልጁ ለሁለተኛው ደረጃ «ከባድ ነው»፣ ለሦስተኛው ደረጃ «ገና አልከበደም» እየተባለ በመሃል ተንጠልጥሎ ይቀር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ትራይቭ የተባለው ማዕቀፍ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ልጁ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው ማለቱን ትቶ አሁን የሚያስፈልገው ምንድን ነው አለ፦ ምክር ነው፣ ሕክምና ነው፣ የጠነከረ ሕክምና ነው ወይስ ከአደጋ መጠበቅ? ሁለተኛው ችግራቸው ዕድሜ ነው። ወጣቱ 18 ሲሞላው ከልጆች ክሊኒክ ወጥቶ የአዋቂዎች ወረፋ ይይዛል፤ በዚያ ሽግግር ብዙ ወጣት ይወድቃል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሄድስፔስ የተባለውን የወጣቶች አእምሮ ጤና አገልግሎት ስታቋቁም ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉትን በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረገችው ይህን አይታ ነው። የእኛ ጤና ጣቢያ ነርስ ግን የ9 ዓመቱንም የ19 ዓመቱንም የምታየው እሷው ናት። እነሱ ለማፍረስ የሚደክሙበትን ግድግዳ እኛ ዘመናዊ እንሁን ብለን እንዳንገነባው።

አሁን ወደ መግቢያው በር እንምጣ። ልጁን ቀድመው የሚያዩት መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ እና የጸበሉ ቦታ አገልጋዮች ናቸው። ለእነዚህ የምርመራ መጠይቅ ማደል ትልቅ ስሕተት ነው። ኔፓል ውስጥ በቺትዋን የተሠራበት መንገድ ይሻላል፤ ለየችግሩ አጭር ታሪክና ሥዕል ተዘጋጅቶ፣ የሠፈር ጤና በጎ ፈቃደኞች «ይህን የሚመስል ሰው አውቃለሁ» ካሉ ይልካሉ። እኛ ዘንድ አምስት ሥዕል ይበቃል፦ የሚወድቅ ልጅ፤ በዕድሜው የማይናገር ወይም የማይራመድ ልጅ፤ ከጓደኞቹ የራቀ፣ የሚያለቅስ፣ ትምህርት ያቆመ ልጅ፤ መሞት እፈልጋለሁ ያለ ወይም ራሱን የጎዳ ወጣት፤ ብቻውን የሚያወራ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ወጣት። ስድስተኛ ልጨምር ካላችሁ ቤት ውስጥ ታስሮ የሚውለው ልጅ ይሁን። እሱን ትምህርት ቤት አያየውም፤ ቤት ለቤት የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻ ናት የምታገኘው።

ሙሉ ክፍል እንመርምር የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። የምትቀበሉበት ቦታ ሳይኖር አትመርምሩ። 60 ተማሪ ጠይቃችሁ 10 ስም ብታወጡ፣ ለአሥሩ የምትሰጡት ነገር ከሌለ ያተረፋችሁት ቅጽል ስም ብቻ ነው። ለሁሉም ተማሪ እኩል የሚሰጥ ትምህርትም ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት አይደለም። በብሪታንያ በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ማይሪያድ የተባለ ጥናት፣ የአእምሮ ማረጋጊያ ሥልጠና ለሁሉም መስጠት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል።

ጸበልን በተመለከተ፣ «ወይ ጸበል ወይ መድኃኒት» ማለት ቤተሰቡን ማጣት ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የተባለ ቤተሰብ የሚተወው ጤና ጣቢያውን ነው። ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር በሦስት ነገር መስማማት ይበቃል፦ የጀመረው መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ እንዳይታሰር፣ በጾም ምክንያት መድኃኒቱ ሰዓቱን እንዳያልፍ። ከመስጊድ ኢማሞች ጋርም ውይይቱ ይኸው ነው።

ወደ ጤና ጣቢያው እንግባ። ክፍሏ የት ትሁን? በሯ ላይ «አእምሮ» የሚል ከተጻፈ የ15 ዓመት ልጅ አትገባባትም። ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት ከሚሰጥበት ክፍል ጎን ወይም እዚያው ውስጥ ትሁን። ካርድ ክፍል ሠራተኛው ስሙን ከነጉዳዩ እየጮኸ እንዳይጠራ አብሮ ይሠልጥን፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ወጣት አባሯል። ቀኑን በገበያ ቀን አድርጉት፤ ቤተሰቡ የዚያን ቀን ያለ ተጨማሪ የመኪና ወጪ ከተማ ይወጣል። ለተማሪዎች ደግሞ ከፈረቃቸው ውጭ ያለውን ሰዓት ምረጡ። ከየጤና ጣቢያው ቢያንስ ሁለት ባለሙያ ይሠልጥን፤ አንድ ብቻ ከሆነ በዝውውር ወይም በወሊድ ፈቃድ አገልግሎቱ ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ግን አገልግሎቱን የሚገድለው የመድኃኒት መቆራረጥ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚጥል በሽታ በአገራችን የሚታከመው በአብዛኛው በአእምሮ ጤና አገልግሎት ሥር ነው፤ ለልጆች በብዛት የሚገኘው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለልጅ የሚያስጀምረው በቀን በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ለሁለት ተከፍሎ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ባለ 30 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ካለ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ባለ 100 ብቻ ካለ ግን እናትየው በቢላ አራት ቦታ ትቆርጣለች፤ አንዱ ቁራጭ 15፣ ሌላው 35 ይሆናል። ስለዚህ የመድኃኒት ጥያቄ ስታቀርቡ ስሙን ብቻ ሳይሆን ጥንካሬውንም ጻፉ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የባህሪ ችግር ላለበት ልጅ ፌኖባርቢታል ባህሪውን ሊያብስ ስለሚችል ካርባማዜፒን ይመረጣል። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ለወጣት ሴት አይሰጥ፤ ብታረግዝ ፅንሱን ይጎዳል። «ገና ልጅ ናት» ብሎ የሚጀምር ባለሙያ በ13 ዓመቷ የጀመረችው መድኃኒት በ18 ዓመቷም አብሯት እንደሚሆን ያስብ።

ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንፈራገጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። ታዲያ ለምን ያልቃል? ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ፍጆታውን አስልቶ ይጠይቃል፤ በእጁ መኖር ያለበት ከፍተኛው የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር ነው። ስሌቱ የሚሳሳተው መድኃኒቱ አልቆ በነበረበት ጊዜ ነው። በ60 ቀን ውስጥ በመጀመሪያው 20 ቀን 600 ፍሬ ወጥቶ ካለቀና 40 ቀን ባዶ ከነበረ፣ ፋርማሲው «የሁለት ወር ፍጆታ 600» ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው 1,800 ነው። ቀጣዩ ጭነት የሚመጣው በ600ው ስሌት ይሆናል፤ እሱም በ20 ቀን ያልቃል፤ ከዚያም ታካሚው ተስፋ ቆርጦ ሲቀር «ፈላጊ የለውም» ተብሎ ከዝርዝር ይወጣል። መፍትሔው መድኃኒቱ ያልነበረበትን ቀን ቆጥሮ ማስተካከል ነው። ሌላም አለ፦ ፌኖባርቢታል ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ በልዩ ማዘዣ ይታዘዛል። መደርደሪያ ላይ መድኃኒቱ ሞልቶ የማዘዣው ጥራዝ ያለቀበት ሁኔታ አለ። ጥራዙን እንደ መድኃኒት ቁጠሩት።

በተቃራኒው መድኃኒት የማያስፈልጋቸው ብዙ ናቸው። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ ለድብርትም ለጭንቀትም ጤና ጣቢያ መድኃኒት አይጀምርም። ከ13 እስከ 17 ዓመት ላለ በመካከለኛና በከባድ ድብርት ለተያዘ ወጣት፣ የንግግር ሕክምናው ካልበቃ በስፔሻሊስት ምክር ፍሎክስቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ከ10 ሚሊ ግራም ሊጀመር ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጨመር አለመጨመሩ በየሳምንቱ ይታያል። ሌላው የድብርት መድኃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ መደርደሪያ ላይ ስላለ ብቻ ለልጅ አይሰጥ፤ ሲበዛ የሚገድል መድኃኒት ነው።

ለአብዛኛው ልጅ የሚጠቅመው ሥራ የሚሠራው ትምህርት ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ኢዝ የተባለ አጭር የቡድን መርሐ ግብር አላቸው፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ውስጣቸው ለታወከ ልጆች ሰባት ክፍለ ጊዜ፣ ለአሳዳጊዎቻቸው ሦስት። ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ይሰጠዋል፤ አተነፋፈስን ማርገብ፣ የተውትን ሥራ በትንሽ በትንሹ መጀመር፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ቡድኑ ሲበዛ ወደ ንግግር መድረክ ይለወጣል፤ የሚመራው መምህር የራሱ ተማሪዎች ከሆኑ ልጆቹ አይናገሩም፤ የአሳዳጊዎቹ ክፍለ ጊዜ «አይመጡም» ተብሎ ይዘለላል። አይመጡም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት ሲጠሩ ነው።

ለማይናገረው ወይም እድገቱ ለዘገየው ልጅ መጀመሪያ ጆሮውንና ዓይኑን ፈትሹ፤ «ኦቲዝም ነው» ተብሎ የተላከ ልጅ መስማት የማይችል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የምግብ እጥረቱንም እዩ። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ከወላጅ ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ አዲስ አበባ ላይም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዘሚ የኑስ ያቋቋመችው ጆይ ማዕከል ብዙ እናቶችን ከተደበቁበት አውጥቷል፤ ዳሩ ግን ማዕከል ለዋና ከተማ ነው። ወረዳ ላይ የሚቻለው ጤና ኬላው ውስጥ ስምንት ያህል እናቶችን አንድ ላይ ማድረግ ነው። የታሰረው ልጅም የሚፈታው በዚህ መንገድ ነው። እናትየው የምታስረው ጨክና አይደለም፤ ውኃ ስትቀዳ ወንዝ እንዳይገባ፣ እሳት እንዳይነካ ነው። ገመዱን ፍቺ ከማለታችሁ በፊት በዚያ ሰዓት ማን እንደሚጠብቀው ከጎረቤት ጋር ተስማሙ።

ራስን ስለማጥፋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም። ጥያቄው ግን ወላጅ ባለበት አይጠየቅ፤ ወጣቱን ለብቻው አነጋግሩት። «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ? በምን? ዛሬስ?» ዛሬም ካሰበ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይተላለፋል። ቤት ያለ ማላታይን፣ የአይጥ መርዝ፣ የተጠራቀመ መድኃኒት በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ። «ደብቁት» አትበሉ፤ የቤቱን መደበቂያ ልጁ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር በየሳምንቱ በስልክ ወይም በአካል መገናኘት ነው። ለዚህ ሥራ አንድ የጤና ጣቢያ ስልክና የአየር ሰዓት በጀት ያስፈልጋል፤ ከነርሷ ኪስ እንዲወጣ ከተተወ በሦስተኛው ሳምንት ይቆማል።

የአደጋው ወቅትም አስቀድሞ ይታወቃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ሲወጣ ከ100 ተፈታኝ 97 ያህሉ 50 በመቶ አላመጡም። ውጤት የሚወጣበትን ሳምንት ወረዳው ከወዲሁ አውቆ ለተጨማሪ ቀጠሮ ቦታ ይተው፤ ትምህርት ቤቱም ውጤት በሚለጠፍበት ቀን በር የሚዘጋ መምህር ሳይሆን በር ላይ የሚቆም መምህር ይመድብ።

አሁን ርክክቡ። የሪፈር ወረቀቱ ሦስት ክፍል ይሁን፤ አንዱ ላኪው ዘንድ ይቀራል፣ ሁለተኛው ተቀባዩ ዘንድ፣ ሦስተኛው ተሞልቶ ወደ ላኪው ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ የተቀባዩ ስም፣ ስልክና ቀን ይኑር። ከትምህርት ቤት የሚወጣ ወረቀት ላይ የበሽታ ስም አይጻፍ፤ «ለጤና ምርመራ» ይበቃል፤ ወረቀቱን ተማሪ ይዞት ስለሚሄድ ጓደኛው ያነብበዋል። ልጁ በሰባት ቀን ውስጥ ካልደረሰ ጤና ጣቢያው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደውላል፤ እሷም ቤቱ ትሄዳለች። ይህን የሚከታተል ሰው በስሙ ይመደብ፤ «ሁሉም ይከታተል» የተባለ ነገር ባለቤት የለውም። ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ የላከው መምህር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሲቀር በሦስተኛው ልጅ መላክ ያቆማል። ግብረ መልሱ አንድ መስመር ይሁን፦ «መጥቷል፣ ክትትል ላይ ነው፣ ክፍል ውስጥ ፊት አስቀምጠው።»

ለባለሙያዎቹ ሥልጠና ብቻውን አይበቃም፤ ከሆስፒታል የሳይካትሪ ነርስ በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ከባዶቹን አብሮ ይይ። በመሃል ቴሌግራም ላይ መማከር ይቻላል፤ ስም፣ ፎቶና ካርድ ቁጥር ግን አይላክ። የዚያ ግሩፕ አባል ነገ ማን እንደሚሆን አታውቁም።

ስለ ሪፖርት ባጭሩ። ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ቁጥር ስለ ልጁ ምንም አይነግራችሁም። አራት ቁጥር ያዙ፦ ስንት ተላከ፣ ስንት ደረሰ፣ ስንት ሁለተኛ ጊዜ መጣ፣ ስንት ትምህርት ላይ አለ። መለኪያ ከፈለጋችሁ ኤስ.ዲ.ኪው የተባለው 25 ጥያቄ ያለው የልጆች ስሜትና ባህሪ መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ መጀመሪያና ከሦስት ወር በኋላ ሙሉት። የምርመራ ውጤት ግን አይደለም፤ በነጥቡ ብቻ ልጅን እገሌ ሕመም አለበት አትበሉ።

በጦርነት ከተፈናቀሉ ቤተሰቦች መሃል ያሉ ልጆች ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ያዩትን ወዲያውኑ ተሰብስበው እንዲተርኩ ማስገደድ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ምግብ፣ መጠለያ፣ ቤተሰብን ማገናኘት፣ የሚጫወቱበትና የሚማሩበት ቦታ መክፈት ይቅደም፤ ከወር በላይ የማይተኙትን፣ የማይናገሩትን ለዩ።

በአራቱም ጤና ጣቢያ በአንድ ቀን አትጀምሩ። አንድ ጤና ጣቢያ፣ በሥሩ ያሉት አምስት ጤና ኬላዎችና ሦስት ትምህርት ቤቶች ለስድስት ወር ይበቃሉ። መጀመሪያው ስብሰባ ላይ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ፋርማሲስቱ፣ ካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁለቱ፣ ርዕሳነ መምህራኑ፣ ከሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ አንድ ሰው ይኑሩ። ፋርማሲስቱ ካልመጣ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። አጀንዳው አራት ነው፦ ቀኑና ክፍሏ፣ የሁለት ወር የመድኃኒት ጥያቄ፣ የሪፈር ወረቀቱ ሕትመት፣ ያልመጣ ልጅ ዘንድ የሚደውለው ሰው ስም። ቤት ውስጥ ለታሰሩና ለሚወድቁ ልጆች የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ማን እንደሚሸፍን ከቀበሌ አስተዳደር ጋር በሁለተኛው ስብሰባ ይነሳ፤ የምዝገባው ወቅት ካለፈ በኋላ ከተነሳ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ይመጣል።